እናታችሁን በክሩዝ ከመውሰዳችሁ በፊት ቪዛዋ ላይ ያለውን ቁጥር እዩ

ይህን የምጽፈው ወላጆቻቸውን ከአዲስ አበባ አስመጥተው «እዚህ ድረስ ከመጡ አይቀር አንድ ነገር ላሳያቸው» ብለው ለሚያስቡ ልጆች ነው። በተለይ አውሮፓ ለምትኖሩ። ክሩዝ ዕድሜው ለገፋ ሰው ግሩም ሽርሽር ነው። በየከተማው ሻንጣ መጎተት የለም፤ አልጋው አብሮ ይሄዳል። ምግቡም እዚያው ነው። ግን መርከብ ድንበር ያቋርጣል። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ድንበር መሻገራችን አይጠፋንም። መርከብ ላይ ግን ማታ ተኝቶ ጠዋት ሌላ አገር መንቃት ስላለ፣ መቼ ወጣን መቼ ገባን የሚለው ነገር ይድበሰበሳል። መዘዙ የሚመጣው ከዚያ ነው።

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ። እናቴ ከመምጣቷ በፊት ከጓደኞቼ ጋር አንድ ክሩዝ ሄጄ ነበር። ከአቴንስ ወደብ ከፒሬዎስ ይነሳል፤ ቱርክ ኩሻዳሲ ያድራል፤ ከዚያ ፍጥሞ፣ ሮድስ፣ ቀርጤስ፣ ሳንቶሪኒ ብሎ ይመለሳል። ኩሻዳሲ ለኤፌሶን ፍርስራሽ ቅርብ የሆነው ወደብ ነው። ፍጥሞ ደግሞ ዮሐንስ ራእዩን ያየባት ደሴት ናት። እዚያ ቆሜ ያሰብኩት እናቴን ነው። ይህን ሳታይ አትሞትም አልኩ።

በዚያ ጉዞ የኢሚግሬሽኑ ነገር ቀላል ነበር። ፒሬዎስ ላይ መርከቡ ቀጥታ ወደ ቱርክ ስለሚሄድ የግሪክ ድንበር ፖሊስ ፓስፖርቴንና የመኖሪያ ካርዴን አንድ ላይ አይቶ አሳለፈኝ። መርከቡ ላይ ሪሴፕሽኑ የእኛን፣ ማለትም የአውሮፓ ዜጋ ያልሆንነውን፣ ፓስፖርት ሰብስቦ ያዘ። ኩሻዳሲ ስንደርስ መርከቡ ቢቆምም ወዲያው መውረድ የለም። የወደቡ ፖሊስ የተሳፋሪዎችን ዝርዝር አይቶ ፈቃድ እስኪሰጥ ይጠበቃል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለቱርክ ቪዛ ይፈልጋል። ሆኖም የቱርክ ሕግ በባሕር በር ገብተው የወደቡን ከተማና አካባቢውን ለሚጎበኙ ሰዎች እስከ 72 ሰዓት ያለ ቪዛ እንዲቆዩ መፍቀድ ይቻላል ይላል። ፈቃዱን የሚሰጠው የወደቡ ባለሥልጣን ነው፤ እንደ መብት አትቁጠሩት። እኔን ፈቀዱልኝ። ፍጥሞ ላይ ደግሞ ወደ ግሪክ ስንመለስ የመኖሪያ ካርዴን አሳይቼ ገባሁ። በቃ ይኸው ነበር።

በኋላ የገባኝ፣ ያን ሁሉ ያቀለለልኝ ያቺ የመኖሪያ ካርድ መሆኗ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ፈቃዱ እስካለ ድረስ ከሸንገን፣ ማለትም በመሀላቸው የድንበር ፍተሻ ከሌላቸው የአውሮፓ አገሮች ክልል፣ ደጋግሞ ይወጣል፣ ይገባል። ለጉብኝት የመጣ ሰው ግን በቪዛው ነው የሚለካው።

የእናቴ ቪዛ ብዙ ደጅ ካስጠና በኋላ ወጣ። ግብዣውን ልኬ፣ ወጪዋን እኔ እንደምሸፍን ፈርሜ፣ 30,000 ዩሮ የሚሸፍነውን የጉዞ መድን ገዝቼ ነው። ቪዛው ላይ «የመግቢያ ብዛት» በሚለው ሥር 01 ይላል። ይህ የእሷ ዕድል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን የቪዛ ማመልከቻ ላይ ገደብ ጥሏል። ምክንያቱ መንግሥት ያለ ፈቃድ አውሮፓ የሚኖሩ ዜጎቹን መልሶ በመቀበል በኩል አልተባበረም የሚል ነው። የመደበኛው ውሳኔ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ረዘመ። ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም ቀረ። ስታመለክቱ ደንቡ ምን ላይ እንዳለ ጠይቁ፤ ግን ወላጅ ስታስመጡ 01 የሚል ቪዛ ይመጣል ብላችሁ ጉዞውን አቅዱ።

ትኬቱን የቆረጠልን አንድ የጉዞ ወኪል ነው። የእናቴን ቪዛ ፎቶ አንስቼ ላክሁለትና «በዚህ መሄድ ትችላለች ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። መልሱ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። «ሸንገን ካላት ግሪክ ችግር የለም፤ ቱርክን ለአንድ ቀን መርከቡ ይጨርሰዋል።» ሁለቱም ነገር እውነት ነው። ግሪክ በሸንገን ትገባለች። ቱርክም ለቀኑ ሊፈቅድላት ይችላል። የጎደለው በሁለቱ መሀል ያለው ነው፦ ከቱርክ ወደ ግሪክ ስትመለስ በየትኛው ቪዛ ነው የምትገባው?

ይህን የጠየቀን የፒሬዎሱ ፖሊስ ነው። ሻንጣችን ተለጥፎበት ወደ ውስጥ ሄዷል። የመርከቡን ካርድ የምትሰጠዋ ልጅ የእናቴን ፓስፖርት ወዲያ ወዲህ ስታገላብጥ ቆይታ አለቃዋን ጠራች። አለቃዋ ወደ ፖሊሱ መስኮት ወሰደን። ፖሊሱ ማህተሙን በእጁ ይዟል። ከጉዞው በኋላ የት እንደምንሄድ ጠየቀ። ፍራንክፈርት አልኩት። ማህተሙን አስቀመጠና ከአጠገቡ ቁራጭ ወረቀት ሳበ። ፒሬዎስ ብሎ ጻፈ፤ ቀስት ወደ ቱርክ፤ ሌላ ቀስት ወደ ፍጥሞ። በመጀመሪያው ቀስት ላይ «ወጣች»፣ በሁለተኛው ላይ «ገባች» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ጣቱን 01 ላይ አሳረፈ። «የእሷ መግቢያ ፍራንክፈርት ላይ ተበልቷል። አሁን የመውጫ ማህተም ከመታሁ ሁለተኛ መግቢያ የላትም።»

እናቴ «ምን አለ? ምን አለ?» ትለኛለች። አፌ ደረቀ።

ብንሄድስ ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅሁት። ሳይቆጣ አስረዳኝ። መርከቡ ከውጭ አገር ወደ ሸንገን ወደብ ሲመጣ ካፒቴኑ የተሳፋሪውን ዝርዝር አስቀድሞ ይልካል። ፍጥሞ ያለው ፖሊስ ስሟን አይቶ እንዳትወርድ ያደርጋል። በየደሴቱ መርከብ ላይ ትቀመጣለች። መጨረሻ ላይ ፒሬዎስ ስንመለስ መግባት የማትችል መንገደኛ ትሆናለች። ድንበር ላይ ቪዛ የሚሰጥበት አሠራር አለ፤ ግን ለድንገተኛና ለተለየ ምክንያት ነው፤ ለሽርሽር አይደለም። መግባት ከተከለከለች ደግሞ የሚቀጥለው የቪዛ ማመልከቻዋ ላይ ጥያቄ ሆኖ ይመጣል።

ይህን ስነግራቸው ብዙ ሰው «ታዲያ ቱርክ ላይ አትውረድ፣ መርከብ ውስጥ ትቆይ» ይለኛል። አይሠራም። ወጣች የሚባለው ኩሻዳሲን ስለረገጠች አይደለም። ፒሬዎስ ላይ የመውጫ ማህተም ሲመታ ነው። ከካቢኗ ባትወጣም ለውጥ የለውም።

ያ ሰው ማህተሙን ሳይመታ ቆም ብሎ ስለጠየቀን እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ማህተሙን መትቶ ቢያሳልፈን ማንም አይወቅሰውም። እናንተም እንዲህ ዓይነት መስኮት ላይ ስትደርሱ አትጣደፉ። ጥርጣሬ ካላችሁ ማህተሙ ከማረፉ በፊት ጠይቁ። ካረፈ በኋላ ማን ይመልሰዋል?

እናቴ «አንቺ ሂጂ፣ እኔ ሆቴል እጠብቅሻለሁ» አለች። ቋንቋ የማታውቅ እናቴን አቴንስ ጥዬ የት ልሄድ! ሁለታችንም ቀረን። ሻንጣችንን ከመርከቡ ለማስወረድ ግን ሰዓታት ፈጀ። የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ደግሞ ያለው ሻንጣው ውስጥ ነው። ስለዚህ አደራ፦ መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ የመድን ወረቀትና አንድ ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳ ይሁን። ሻንጣ ወደብ ላይ ከእጃችሁ የሚወጣው ኢሚግሬሽኑን ከማለፋችሁ በፊት ነው።

ከመውጣታችን በፊት ያደረግሁት አንድ ነገር በኋላ ጠቅሞኛል። ተሳፋሪ የሚመዘግቡትን «በሰነድ ምክንያት አልተሳፈሩም» የሚል ወረቀት ቀኑንና የጉዞውን ቁጥር ጨምረው እንዲጽፉልኝ ጠየቅሁ። ጻፉልኝ። የመርከብ ጉዞ ውል ላይ ቪዛ የማሟላት ኃላፊነት የተሳፋሪው ነው ተብሎ ይጻፋል፤ ስለዚህ ከመርከቡ በኩል የተመለሰ ገንዘብ የለም። መድኑም የቪዛ ጉድለትን አይሸፍንም። ወኪሉ ግን የራሱን መልእክትና ያንን ወረቀት አንድ ላይ ሳሳየው የተወሰነውን መለሰ። በስልክ ብቻ ተነጋግረን ቢሆን ኖሮ «ብለሃል፣ አላልኩም» ተባብለን እንቀር ነበር። ወኪል ስታናግሩ በጽሑፍ ይሁን።

ሆቴል ገብተን እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ «እሱ ካልፈቀደ ምን ይደረጋል» አለች። እኔ ግን አላስችል አለኝ። ስልኬን ከፍቼ የፌሪ ጊዜ ማየት ጀመርኩ። ለካስ ከፒሬዎስ ፍጥሞ የሚሄድ ተራ ፌሪ አለ! ከግሪክ ወደ ግሪክ ነው። ቱርክ አይገባም። የመውጫ ማህተም የለም። ብዙ ሰዓት ይወስዳል፤ በየቀኑ ላይኖር ይችላል፤ ዋጋው ግን ከክሩዙ ጋር አይወዳደርም። ስንሳፈር ትኬታችንን ብቻ አዩ።

ስካላ የምትባለው የፍጥሞ ወደብ የደረስነው በሌሊት ነው። በማግስቱ ወደ ዋሻው ወጣን። ዋሻው ከወደቡ ተነስቶ በ1088 ወደተመሠረተው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም በሚወጣው መንገድ መሀል ላይ ነው። ውስጡ ጠባብ ነው። ድንጋዩ ላይ ዙሪያው በብር የተከበበ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ፤ ዮሐንስ ራሱን ያሳርፍበት ነበር ይባላል። ከፍ ብሎ ሌላ አለ፤ ሲነሣ እጁን የሚደግፍበት። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች። ግድግዳው ላይ ዮሐንስ ሲናገር ደቀ መዝሙሩ ሲጽፍ የሚያሳይ ሥዕል አለ። «አብሮኮሮስ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ፤ ማንም ሳይነግራት። ኤፌሶንን አላየችም። ፍጥሞን ግን አየች።

ከሳምንታት በኋላ መርከብም አየች። በዚህኛው ጊዜ መስመሩን ራሴ ነው የመረጥኩት፦ ከጣልያን ጄኖዋ ተነስቶ ማርሴይ፣ ባርሴሎና፣ ፓልማ፣ ለሮም ቅርብ የሆነችው ቺቪታቬኪያ፣ ከዚያ ተመልሶ ጄኖዋ። ሁሉም ሸንገን ነው። መርከብ ከሸንገን ወደብ ወደ ሸንገን ወደብ ብቻ ሲሄድ በመደበኛነት የድንበር ፍተሻ የለም። የምትወጡትም የምትገቡትም በመርከቡ ካርድ ነው። 01 የሚል ቪዛ ላላት እናት የሚሆናት እንዲህ ያለው መስመር ነው።

የሜዲትራኒያን መስመሮች ሲታዩ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። አይደሉም። ቱኒስ፣ ታንጀርና ጅብራልታር ሸንገን አይደሉም። በአድሪያቲክ በኩል ክሮኤሺያ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ገብታለች፤ እዚያው አጠገቧ ያሉት የሞንቴኔግሮዋ ኮቶርና የአልባኒያ ወደቦች ግን ውጭ ናቸው። ቆጵሮስ የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆና ሸንገን አይደለችም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሷ ላይ ነው። ማልታ ሸንገን ናት። ወደ ሰሜን ኖርዌይ የአውሮፓ ኅብረት አባል ሳትሆን ሸንገን ናት። እንግሊዝና አየርላንድ አይደሉም። ከሳውዝሃምፕተን የሚነሳ መርከብ ስትመለከቱ ይህን አስታውሱ። አንድ ወደብ ብቻ ውጭ ከሆነ ጉዞው በሙሉ ለነጠላ ቪዛ አይሆንም፤ ያ ወደብ የመጨረሻው ሆኖ ሰውየው ከዚያው ወደ አገሩ የሚመለስ ካልሆነ በስተቀር።

ፍተሻ በመደበኛነት የለም ማለት ፖሊስ የለም ማለት አይደለም። ማርሴይ ላይ ከተርሚናሉ ስንወጣ ፖሊሶች አንዳንዱን እያስቆሙ ወረቀት ያዩ ነበር። እኛን አስቆሙን። መርከቡ ፓስፖርታችንን አልያዘም ነበርና ዋናው ከእኛ ጋር ነው። የእናቴ ግን መቀነቷ ውስጥ ነው! ባርሴሎና ሌባ ይበዛል ሲሏት ከቤት ስትነሳ ጀምሮ እዚያ ቋጥራዋለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መቀነቷን ፈትታ እስክታወጣው ፖሊሱ በትዕግሥት ጠበቃት። አየውና መለሰላት። መርከቡ ፓስፖርት የሚይዝ ከሆነ ከማስረከባችሁ በፊት የፎቶ ገጹን፣ ቪዛውንና የመግቢያ ማህተሙን በስልካችሁ አንሱ። ካልያዘ ግን ዋናውን ይዛችሁ ውረዱ። ፎቶ ኮፒ ፖሊስ ፊት ብዙ አያስኬድም።

በየመስኮቱ የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ የእኛ የአበሾች ነው። «እናትሽ ከሆነች የቤተሰብ ስማችሁ ለምን አንድ አልሆነም?» እሷ በአባቷ ትጠራለች፣ እኔ በአባቴ። ለእኛ ግልጽ ነው፤ ለእነሱ አይደለም። የተተረጎመ የልደት ሰርተፊኬቴን ይዤ ነበርና ቶሎ አለቀ። ትኬቱም ላይ ስም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፍ። አንድ ፊደል ሲለያይ የመርከቡ ዝርዝርና ፓስፖርቱ አይገናኙም።

ወላጆቻችሁን መልስም አለማምዷቸው። ማን ጋ ነው ያረፉት? ስንት ቀን ይቆያሉ? መቼ ይመለሳሉ? እኛ ልጆች በፍቅር ዘለን እንመልስላቸዋለን። መኮንኑ ግን የሚፈልገው የእሳቸውን ቃል ነው። አስተርጓሚ ለመሆን መጀመሪያ አስፈቅዱ፣ ከዚያ የተባለውን ብቻ ተርጉሙ። እናቴ በእንግሊዝኛ የያዘችው «ዶተር፣ ፍራንክፈርት» የሚለውን ነው፤ እሱን ስትል የማይፈታ ፊት አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 12፣ 2025 ጀምሮ ደግሞ ሸንገን ማህተሙን በኮምፒውተር ምዝገባ መተካት ጀምሯል። ለአጭር ጊዜ የሚመጣ ሰው ፊቱ ይነሳል፤ መውጫና መግቢያው ይመዘገባል። የመኖሪያ ፈቃድ ያለን ሰዎች በዚህ አንመዘገብም። ለወላጆቻችን ግን ከአሁን በኋላ «ማህተሙ አልታየም» የሚባል ነገር አይኖርም። ለጉብኝት የመጣ ሰው በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አይቆይም የሚለው ስሌትም በራሱ ይቆጠራል።

አሜሪካ ላላችሁ ጥቂት ልበል፤ ጥያቄው ከእኔው ዘመዶች ስለመጣ ነው። ከማያሚ ወይም ከባልቲሞር ተነስቶ ባሃማስ ደርሶ የሚመለስ መርከብ ላይ የልደት ሰርተፊኬትና መታወቂያ ይበቃል ሲባል ትሰማላችሁ። ያ ለአሜሪካ ዜጋ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ካርዱን መያዝ አለበት፤ ለሚቆምባቸው አገሮች ፓስፖርቱንም ይያዝ። የአክስቴ ልጅ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና አልተወሰነም። ጓደኞቹ «አንድ ሳምንት ባሕር ላይ ነው፣ ከአሜሪካ መውጣት አይባልም» ብለውት ነበር። ይባላል። ጉዳዩ ሳይወሰን፣ አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ሳያወጣ ከአገር የወጣ ሰው ማመልከቻውን እንደተወ ነው የሚቆጠረው። ጠበቃውን ጠይቆ ቀረ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ወላጅ ያስመጣችሁም ቪዛውን እዩ። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2025 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው የጉብኝት ቪዛ የሦስት ወርና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ሆኗል።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ለመርከብ ኩባንያው በኢሜይል ጻፉ። ለወኪሉ ብቻ አይደለም፤ ለኩባንያው። «ቪዛ አላት፣ ትችላለች ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ «አዎ» የሚል መልስ ነው የሚያመጣው። እኔ ለጄኖዋው ጉዞ የላክሁት ይህን ነበር፦ «ተሳፋሪዋ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ የሸንገን ቪዛ አላት። ሸንገን ገብታለች። በዚህ ጉዞ መርከቡ ከሸንገን ክልል የሚወጣበት ወደብ አለ? የመውጫ ፍተሻ የሚደረገው የት ነው? የአየር ሁኔታ ወደብ ቢያስቀይር በምትኩ የሚገባባቸው ወደቦች የትኞቹ ናቸው?» መልሱ ሁለት ቀን ቆይቶ መጣ። አተምኩትና ከእናቴ ፓስፖርት ጋር አብሬ ያዝኩት።